ባዶ አልጋና የተፈቱ እጆች

መስታወት መጠቅለል ቀላል ሥራ ይመስላል። አይደለም። መጀመሪያ ወፍራም ወረቀት ይዘረጋል። መስታወቱ መሐሉ ላይ ይተኛል። አራቱ ማዕዘኖች ስፖንጅ ይለብሳሉ። ከዚያ ወረቀቱ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ እየታጠፈ ይጠብቃል። በላዩ ካርቶን፣ በካርቶኑ ላይ ገመድ። ይህ ሁሉ ደግሞ ጣት ሳይቆረጥ!

የዚህ ታሪክ ባለቤት ይህን ሥራ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። መስታወት ቤቱ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም፤ «ጠቅላይ» ነበር የሚባሉት። ሹመት አይምሰላችሁ። ጠዋት ከገቡ ጀምሮ ሲጠቀልሉ ስለሚውሉ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እሳቸው ጠቅልለውት መንገድ ላይ የተሰበረ መስታወት አንድ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን መኪናው ስለተገለበጠ ነው እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የሥራ ሕጋቸው አጭር ነበር፦ ክፍተት አትተው። ክፍተት ያገኘ ዕቃ ይንቀሳቀሳል፣ የተንቀሳቀሰ ዕቃ ይሰበራል።

ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ወር የልጅ ልጅ መጣችላቸው።

ሴት ልጃቸው የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ባሏ የኤሌክትሪክ መስመር ዘርጊ በመሆኑ ሳምንቱን ሌላ ቦታ ሰንብቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ነገሩ ገና በእርግዝናዋ ጊዜ አልቆ ነበር፤ የወሊድ ፈቃዷ ሲያበቃ ሕፃኗን ቀን ቀን አያቷ ይይዛሉ። ጠቅላይም ዕቃቸውን በአንድ ሻንጣ ይዘው ልጃቸው ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳው ወደ ዋናው መንገድ የሚያይ ክፍል ውስጥ ገቡ።

ሕፃኗን ሚጡ ይሏታል። ሚጡ በተወለደች በመጀመሪያው ሳምንት እንቅልፍ አልያዛት አለ። ልክ ዓይኗ ሲከደን ብርግግ ትልና ሁለት እጆቿ ወደ ጎን ይበተናሉ፣ ከዚያ ለቅሶ። እናቷ ቀንና ሌሊቱ ተቀላቅሎባት ስትንገዳገድ ጠቅላይ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ስስ ጨርቅ አለሽ? ሰፋ ያለ።»

ደማቅ ቢጫ የጥጥ ጨርቅ ተሰጣቸው። አልጋው ላይ ዘረጉት፣ ሚጡን መሐሉ ላይ አስተኙ፣ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከታች ወደ ላይ። እግሮቿ እንዲፈራገጡ ከታች ላላ አደረጉላት፤ እጆቿን ግን ደረቷ ላይ ሰበሰቡ። ሚጡ አንዴ አዛጋችና ሦስት ሰዓት ሙሉ ተኛች።

«አባዬ፣ ምን አድርገሃት ነው?»

«ጠቀለልኳት።»

«ገመድ አላሰርክባትም አይደል?»

«ለአጭር መንገድ ገመድ አያስፈልግም» አሉ፣ ኩራታቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው።

ሦስት ወር ተኩል እንዲህ አለፈ። ቢጫው ጨርቅ የቤቱ ሰላም ነበር።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ለክትባት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተሯ ሚጡን ከጨርቁ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ስታስተኛት ልጅቷ እግሯን አነሣች፣ ወገቧን ጠመዘዘች፣ በጎኗ ሆና ግድግዳውን ማየት ጀመረች። እናቷ በደስታ አጨበጨበች። ሲስተሯ ግን ቢጫውን ጨርቅ አነሣችና «አባባ፣ የሚጠቀልሏት እርስዎ ነዎት?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እጅዎ ድንቅ ነው፤ እንዲህ ያለ አጠቃለል አይቼ አላውቅም። ግን ከዛሬ ጀምሮ አይሆንም።»

ምክንያቱን ስታስረዳ ጠቅላይ አንድም ቃል አላመለጣቸውም። ልጅቷ መገልበጥ ጀምራለች። እጆቿ ታስረው በሆዷ ብትገለበጥ ራሷን ቀና ማድረግ አትችልም፤ አፍና አፍንጫዋ ፍራሹ ላይ ይደፋል። እጆቿ ሲፈቱ ግን ትገፋለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ያ ብርግግ ማለቷም በሽታ አይደለም። ሕፃን የወደቀ ሲመስለው የሚይዘው ነገር ፍለጋ እጁን ይዘረጋል፤ በሚቀጥሉት ወራት በራሱ ጊዜ እየጠፋ ይሄዳል።

«እስከዚያስ?» አሉ ጠቅላይ።

«እስከዚያ ያለ ጨርቅ መተኛት ትለምዳለች። በጀርባዋ ያስተኟት፣ ይታገሷት።»

የልጃቸው ፈቃድ የሚያበቃው ከዚያ ረቡዕ በኋላ በሁለተኛው ሰኞ ነበር። አሥራ ሁለት ቀን።

ጠቅላይ ቤት እንደገቡ ከድሮ ዕቃቸው መሐል የካርቶን ቁራጭና የመስታወት መጻፊያ ወፍራም እርሳስ አወጡ። ማንኛውንም ነገር ሳይለኩ አይጀምሩም፤ ሚጡ ያለ ጨርቅ የተኛችበትን ደቂቃ መዘገቡ። ረቡዕ ከሰዓት፦ ሰባት ደቂቃ። ሐሙስ ጠዋት፦ አሥራ ሁለት። ሐሙስ ከሰዓት፦ ዘጠኝ። በየመሐሉ ያለው ለቅሶ አልተጻፈም፤ ካርቶኑ አይበቃም ነበር።

ዓርብ ማታ፣ ራት እየበሉ፣ ልጃቸው ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ ሥራዬን ልለቅ ነው።»

ይህች ልጅ መሪ ለመያዝ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ውስጥ ትኬት ቆርጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ የሹፌሩን እጅና እግር ከኋላ ስታጠና ከርማ፣ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ተፈትና ነው ያገኘችው። ጠቅላይ ጉርሻቸውን መልሰው ሳህኑ ላይ አኖሩ።

«በእንቅልፍ የተነሣ?»

«ልጄ አሁን እየጮኸች ይሆን እያልኩ እንዴት ነው የምነዳው? ከኋላዬ ስልሳ ሰው ነው የምጭነው። በሚቀጥለው ዓርብ ለስምሪት ኃላፊው ደብዳቤ እሰጣለሁ። እስከዚያ ከተኛች ተኛች።»

እንግዲህ የጠቅላይ ቀነ ቀጠሮ ይኸው፦ አንድ ሳምንት። ካልሆነላቸው ልጃቸው አውቶቡሷን ታጣለች።

በማግስቱ ቅዳሜ ሰውዬው ሌላ ሰው የማይሠራውን ስህተት ሠሩ። ጨርቅ ተከልክሏል፤ እሺ። ግን ክፍተት አትተው የሚለውን ማን ከለከለ? አራት ፎጣ እንደ ዱላ ጠቀለሉ። ሁለቱን በሚጡ ቀኝ፣ ሁለቱን በግራ፣ በእግሯ በኩል ደግሞ የሶፋ ትራስ። አልጋው ልክ ለረጅም መንገድ እንደታሸገ ሣጥን ሆነ። ሚጡም ተኛች። ሰባ ደቂቃ! ጠቅላይ ካርቶኑ ላይ «70» ብለው ጽፈው ሥሩን ሁለቴ አሰመሩ።

ልጃቸው ከገበያ ስትመለስ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። ዘንቢሉ ከእጇ ወደቀ። ፎጣዎቹን አንድ በአንድ እየመዘዘች መሬት ወረወረች፤ አንደኛው የሚጡን ጉንጭ ተጠግቶ ነበር።

«ፊቷ ላይ ቢወድቅስ? ትንፋሿን ቢያፍነውስ? አባዬ፣ ልጅ ናት እኮ! መስታወት አይደለችም!»

ሚጡ ነቅታ ጮኸች። ጠቅላይ እርሳሳቸውን አንሥተው «70» የሚለውን ሰረዙ። ያን ቀን በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሚያልፉትን አውቶቡሶች ሲያዩ ዋሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸሻል። እሳቸው ግን ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሲከፈት በሩ ላይ ነበሩ።

«ሲስተር፣ ጥፋት ሠርቻለሁ» ብለው ፎጣውንም ትራሱንም አንድ ሳይደብቁ ተናገሩ።

ሲስተሯ አልተቆጣችም። ወረቀት አውጥታ አራት ማዕዘን ሠራች፤ መሐሉ ላይ ትንሽ ልጅ ሳለች፤ ዙሪያውን ባዶ ተወችው። «አልጋው ይህን ነው መምሰል ያለበት። ጠንከር ያለ ፍራሽ፣ የተወጠረ አንሶላ፣ እሷ። በቃ። ትራስ የለም፣ ፎጣ የለም፣ አሻንጉሊት የለም። ከበረዳት ልብስ ይጨምሩላት እንጂ ብርድ ልብስ አይደርቡባት። አባባ፣ ለእሷ ክፍተቱ ነው ደህንነቷ።»

ለሠላሳ አንድ ዓመት ክፍተት ሲደፍን ለኖረ ሰው ይህ ከባድ ዜና ነው! ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ እስከ ቤት ድረስም ሦስት ጊዜ አውጥተው አዩት።

ማክሰኞ መስታወት ቤቱ ጠራቸው። ለፀጉር ቤት የሚሄድ፣ ግድግዳ የሚያህል መስታወት ነበርና አዲሱ ጠቅላይ ብቻውን ሊጠቀልለው ፈራ። ልጃቸው ቤት ስለነበረች ሄዱ። በሩ ላይ የድሮ ጓደኛቸው፣ መስታወት ቆራጩ፣ ተቀበላቸው።

«ጠቅላይ! ዓይንህ ሥር የተሸከምካቸው ሁለት ከረጢቶች ምንድን ናቸው?»

«ከልጅ ልጄ ጋር እየታገልኩ ነው።»

«ማን እያሸነፈ?»

«እሷ። ስድስት ኪሎ ናት፤ በየቀኑ ትጥለኛለች።»

«እሰይ! የሚጥልህ ተገኘ!»

መስታወቱን ሦስት ሆነው አነሡት፤ ወደ ማሸጊያው ጠረጴዛ ወሰዱት። የታችኛው ጠርዝ መጀመሪያ ነካ፣ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ተኛ። የላይኛው ጠርዝ ጠረጴዛውን ሲነካ አዲሱ ጠቅላይ እፎይ ብሎ እጁን አነሣ።

«አትልቀቅ!» ብለው ጮኹ ጠቅላይ። «ነክቷል እንጂ አልረጋም! እስኪረጋ ያዘው!»

ልጁ ደንግጦ መልሶ ያዘ። መስታወቱ በእጃቸው ሥር ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ዝም አለ። ጠቅላይ ግን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ምን ሆንክ?» አለ ቆራጩ።

«እኔ እኮ ልጅቷን እጥላታለሁ!»

«ምን? ሕፃኗን?»

«አይ… ማለቴ ቶሎ እለቃታለሁ! ራሷን ነው ቀድሜ የማስተኛው፤ ከነካች እጄን እመዝዛለሁ። የወደቀች ይመስላታላ!»

እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው፤ ያስደስታልና። ጠቅላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሙያቸው መጠቅለል ይመስላቸው ነበር። ለካ እጃቸው ሌላም ሙያ ያውቅ ነበር፦ ማስቀመጥ። መጠቅለሉ ሲከለከል ባዶ እጃቸውን የቀሩ መሰላቸው፤ ማስቀመጡ ግን እዚያው ነበር። ሳይጠቀለል የሚሰበር ነገርን ስንት ሺህ ጊዜ አስቀምጠዋል! ካርቶን ከመልበሱ በፊት መስታወት ሁሉ ራቁቱን ነበር።

ቤት ሲገቡ ሚጡን አልነኩም። መጀመሪያ ስድስት ኪሎ ዱቄት በከረጢት መዘኑ። ከረጢቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ አልጋው ጎንበስ፤ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ መቀመጫ፣ ከዚያ ጀርባ፣ አንገትና ራስ በመጨረሻ። ከዚያ አንድ እጅ ደረት ላይ። እስኪረጋ። ከዚያ ጣት በጣት ማንሣት፤ ከትንሿ ጣት ጀምሮ። ሃያ ጊዜ ደጋገሙት። ለማባበያ የሚሆን ዜማ ስለማያውቁ፣ የሚያውቁትን ሣጥን ላይ የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ በዝቅታ አንጎራጎሩ፦ «ቀስ… ይሰበራል… ይህ ጎን ወደ ላይ… ቀስ…»

ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ አየቻቸው። ከቅዳሜ ጀምሮ በደንብ አልተነጋገሩም ነበር።

«ተኛ?» አለች፣ በከረጢቱ እየጠቆመች።

«ዱቄት ጨዋ ልጅ ነው። አያስቸግርም።»

ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ቅዳሜ የወረወረችውን ፎጣ አንሥታ ግንባራቸው ላይ የተለጠፈውን ዱቄት ጠረገችላቸው።

ረቡዕ ሥራው በሚጡ ላይ ተጀመረ። ሰውዬው ሰዓት ማየት ትተው ልጅቷን ማየት ያዙ። ጆሮዋን ስትነካካና ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ሲፈዝ መጋረጃው ይጋረዳል። ሦስት ጊዜ ክፍሉን ይዞራሉ፤ ሁልጊዜ ሦስት። «ይህ ጎን ወደ ላይ» ይባላል። ከዚያ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሳይወስዳት፣ ገና ዓይኗ እየተንከራተተ ሳለ፣ እግር፣ መቀመጫ፣ ጀርባ፣ ራስ። እጃቸው ደረቷ ላይ ይቆያል፤ በጣቶቻቸው ሥር ትንሿ ልብ ስትሮጥ፣ ስትሮጥ፣ ከዚያ ዝግ ስትል ይሰማቸዋል። ሃያ ሁለት ደቂቃ። ከሰዓት ደግሞ አሥራ ስምንት። በፎጣ ከመጣው ሰባ ያነሰ፣ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን የበለጠ!

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ያልጠበቁት ሆነ። ሚጡን አስቀምጠው እጃቸውን አንሥተው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ እንዳሉ ብርግግ አለች። እጆቿ ተበተኑ፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ጠቅላይ ሊያነሷት ተንደረደሩና ምንጣፉ ጫማቸውን ያዘው። በአንድ እግራቸው እየተንገዳገዱ ሳሉ ያዩት ነገር ባሉበት አደረቃቸው።

የሚጡ ቀኝ እጅ አየር ላይ ተንሳፈፈ። ጆሮዋን መታ፣ አፍንጫዋን ሳተ፣ አገጯ ላይ አረፈ። ከዚያ አፏን አገኘ። ጡጫዋን ጎረሰች፣ ሁለቴ ጠባች፣ ዓይኗ ተከደነ።

ሰውዬው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። እሳቸው አላስተኟትም። ራሷ ተኛች! ሦስት ወር ተኩል ሙሉ በዚያ በሚያኮራ አጠቃለል ውስጥ አጥብቀው ያስቀመጡባት ያ እጅ፣ የምትፈልገው እጅ ነበር። ሲታሰር ጠቅሟታል፤ ጊዜው ደርሶ ሲፈታ ደግሞ ይበልጥ ጠቀማት። ሠላሳ አራት ደቂቃ።

ማታ ለልጃቸው ነገሯት። እሷም ተነሥታ አልጋውን ፈተሸች፤ ፍራሹን እንኳ አነሣች።

«ፎጣ እየፈለግሽ ነው?»

«ምን ይታወቃል።»

ዓርብ ደረሰ። ልጃቸው ጠዋት ደብዳቤውን በንጹሕ ወረቀት ጽፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከሰዓት በኋላ ለኃላፊው ልትሰጥ ወደ አውቶቡሶቹ ጋራዥ ትሄዳለች። እኩለ ቀን ላይ ሚጡ ጆሮዋን መነካካት ስትጀምር ጠቅላይ «ነይ፣ መሬት ተቀመጪ፤ እጅሽን አትዘርጊ» አሏት።

መጋረጃ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። «ቀስ… ይሰበራል… ይህ ጎን ወደ ላይ…» እግር፣ መቀመጫ፣ ጀርባ፣ ራስ። እጅ ደረት ላይ። ትንሿ ጣት ተነሣች፣ ቀጥላ ሁለተኛዋ… አውራ ጣት ተነሣ። ጠቅላይ ወደ ኋላ አሉ።

ሚጡ ብርግግ አለች።

እናቷ እንደ ጥይት ተነሣች። ጠቅላይ ክንዷን ጨበጡ። «ቆይ።»

«አባዬ፣ ልታለቅስ ነው።»

«ቆይ እንጂ። መንገዱን ታውቀዋለች።»

ሚጡ «እህ… እህ…» አለች። እጇ ተነሣ፣ ግንባሯን ነካ፣ ወረደ፣ ጠፋ፣ እንደገና ተነሣ። እናቷ የራሷን ጡጫ ሳታውቀው አፏ ውስጥ ከትታ ነበር። የሚጡ እጅ ጉንጯን ተከትሎ ወረደ። አገኘው። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ጠባች። ከዚያ ጡጫው ቀስ ብሎ ከአፏ ወጣና ሁለቱም እጆች ወደ ላይና ወደ ጎን ተዘርግተው ቀሩ፣ ሩጫ አሸንፎ የመጨረሻውን መስመር እንዳለፈ ሰው።

አባትና ልጅ መሬት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው አርባ አንድ ደቂቃ ጠበቁ። ልጃቸው ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፤ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቦርሳዋን ከፈተችና ደብዳቤውን ሰጠቻቸው። ጠቅላይ አላነበቡትም። ገልብጠው በጀርባው በወፍራሙ እርሳስ «41» ጻፉ። ሥሩንም ሁለቴ አሰመሩ። ይህኛው አልተሰረዘም።

ቅዳሜና እሑድም ቁጥሩ አልወረደም። ሌሊቱን የሚጠይቅ ቢኖር፣ ሌሊቱም ያው ሥርዓት ነው፤ እናቷ ከጠቅላይ ተምራ «ይህ ጎን ወደ ላይ» ስትል አንድም ቃል አታዛባም።

ሰኞ ጠዋት ልጃቸው የደንብ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች።

«እየነዳሁ ስልክ አላነሣም። እንዴት አውቃለሁ?»

«መስመርሽ በዚህ አይደል የሚያልፈው?»

«እኩለ ቀን ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ስወርድ።»

«እንግዲያው ወደ በረንዳው እይ። ከተኛች ምልክት ታያለሽ። ደግሞ አደራ፣ ጡሩምባ እንዳትነፊ!»

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሚጡ ጆሮዋን ነካካች። ሦስት ዙር ተዞረ። ብርግግ አለች፤ እጇን ፈለገች፤ አገኘች። ጠቅላይ በእግር ጣታቸው ጫፍ እየተራመዱ ወደ ቁምሣጥኑ ሄዱ፤ ታጥቦ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ቢጫ ጨርቅ አወጡ። በረንዳው ላይ ሙሉውን ዘረጉት፤ ሁለቱን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። ነፋሱ ሞላው። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ከሦስተኛ ፎቅ ደምቆ ይታይ ነበር።

አውቶቡሱ ከላይ ብቅ አለ። ፌርማታው ላይ ቆመ፣ ሰው አወረደ፣ ሰው ጫነ። ከዚያ ሳይንቀሳቀስ ትንሽ ዘገየ። በጠራራ ፀሐይ ሁለቱ የፊት መብራቶች በሩ፣ ጠፉ። በሩ፣ ጠፉ። በሩ፣ ጠፉ።

ከኋላ ያለው ታክሲ ምን እንደተፈጠረ አያውቅምና ጡሩምባውን አንባረቀው። ጠቅላይ ደንግጠው ወደ ክፍሉ ዘወር አሉ።

ሚጡ አልነቃችም። ባዶ አልጋዋ መሐል ላይ በጀርባዋ ተኝታ፣ ሁለት እጆቿን ግራና ቀኝ እንደዘረጋች ነበረች። ሰውዬው ወደ በረንዳው ተመልሰው ሁለቱንም እጆቻቸውን ከራሳቸው በላይ አነሡ። አውቶቡሱ ስልሳ ሰው ጭኖ፣ ሳይቸኩል፣ ቁልቁለቱን ወረደ።